ፒያሳ የሚሸጠው የግሪክ አማልክት ካርታ፦ ሥዕሉ ግሩም ነው፣ ስሞቹ ግን መታረም አለባቸው

ጎንደር ፒያሳ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በአንዱ የጥንት ግሪክ አማልክትን፣ ኒምፌዎችን (የውሃ፣ የተራራና የዛፍ ሴት መናፍስትን) እና ጭራቆችን በአማርኛ የያዘ የካርታ ጨዋታ በ650 ብር ይሸጣል። ሳጥኑ 64 ካርዶች፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የዘር ሐረግ ሰንጠረዥና 24 ገጽ መመሪያ ይዟል። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚገኘው ነገር በጣም ጥቂት ስለሆነ ሥራው ተገላብጦ ሊታይ ይገባዋል። ከዚህ በታች ያለው የገንዘቡ ዋጋ የት እንዳለ፣ ስሕተቱም የት እንደሆነና እንዴት እንደሚታረም ነው።

ከእጅ ሥራው እንጀምር። ካርዶቹ ከወፍራም ወረቀት ተሠርተው በሁለቱም በኩል ላሚኔት ሆነዋል። ማዕዘናቸው ግን አልተከረከመም፤ ሹል እንደሆነ ቀርቷል። ሹል ማዕዘን ሲበወዝ ቶሎ ይነካካል፣ ፕላስቲኩም ከዚያው መላቀቅ ይጀምራል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ እርጥበት በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ወረቀቱን ያሳብጠዋል። ስለዚህ ከመጫወት በፊት የእያንዳንዱን ካርድ አራት ማዕዘን በጥፍር መቁረጫ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጦ ክብ ማድረግ ይበጃል፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የተላቀቀ ካለ ስስ ጨርቅ ደርቦ ለብ ባለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ መጫን ይይዘዋል። ያለ ጨርቅ ከሆነ ፕላስቲኩ ቀልጦ ካውያው ላይ ይቀራል። በላስቲክ ማሰር አይገባም፤ ካርዶቹ መሐላቸው ይጎብጣል፣ የጎበጠ ካርድ ደግሞ ከጀርባው ስለሚታወቅ ጨዋታው ይበላሻል።

ሥዕሎቹ የሳጥኑ ትልቁ ሀብት ናቸው። ሠዓሊው የእብነ በረድ ሐውልቶችን ፎቶ ከመገልበጥ ይልቅ የአገሩን አሣሣል ነው የተጠቀመው፤ ትልልቅ ዓይኖች፣ ጥቁር የዳር መሥመር፣ ቀይና ቢጫ መደብ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው እጁ ከየት እንደተማረ ወዲያው ያውቃል። ለአማልክቱ አክሊለ ብርሃን አለመደረጉ ትክክል ነው። እነዚህ ቅዱሳን አይደሉም፤ የግሪክ ሠዓሊዎችም ዜውስን የሚለዩት በመብረቁና በንስሩ፣ ፖሲዶንን በባለ ሦስት ጣቱ ጦር፣ ሄርሜስን እባቦች በተጠመጠሙበት በትሩና ክንፍ ባለው ጫማው ነበር። ካርዶቹ ይህን ሁሉ በትክክል ይዘዋል።

ይኸው አሣሣል ግን ሁለት ቦታ ላይ ጠልፎታል። በእኛ የጥንት ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ክፉ በጎን ይሣላል፤ የክፉው አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ሠዓሊው ይህንኑ ሥርዓት ጠብቆ ጭራቆቹን ሁሉ በጎን ሣለ። ባለ አንድ ዓይኑ ፖሊፌሞስም በጎን ተሣለ፤ እንግዲህ በጎን የተሣለ ሰው ሁሉ ባለ አንድ ዓይን ስለሚመስል የዚህ ፍጡር ዋና መለያ ከነጭራሹ ጠፋ። ሜዱሳም እንዲሁ። የሜዱሳ ሞት አምጪነት ያለው በዓይኗ ነው፤ ያያት ሰው ድንጋይ ይሆናል። ግሪኮች ሌላውን ሁሉ በጎን እየሣሉ እንኳ የጎርጎንን (የሜዱሳን ወገን ጭራቅ) ፊት ቀጥ አድርገው ወደ ተመልካቹ የሚያዞሩት ለዚህ ነው። ሴይሬኖቹ ደግሞ የዓሣ ጅራት ተሰጥቷቸዋል፤ የግሪክ ሴይሬን የሴት ራስና የወፍ አካል ያላት ፍጡር ናት።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ ችግሩ ይከብዳል። አዘጋጆቹ ስሞቹን ከእንግሊዝኛ አነባበብ እንደወሰዱ ያስታውቃል፤ መሐል ላይ የሮማውያኑ «ቬነስ»ና «ኩፒድ»ም ገብተዋል። ዋናው ጉዳት ግን የተለያዩ ፍጡራን በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ካርድ 9 «ቴቲስ» ይላል፤ ካርድ 38ም «ቴቲስ» ይላል። የመጀመሪያዋ የኡራኖስና የጋይያ ልጅ፣ የኦቄያኖስ ሚስት፣ የወንዞችና የ3,000 ኦቄያኒዶች (የውሃ ኒምፌዎች) እናት የሆነችው ቲታን ናት፤ ቲታኖች ከዜውስ በፊት የነበሩ አማልክት ናቸው። ሁለተኛዋ ከባሕር አምላኩ ከኔሬዎስ 50 ሴት ልጆች አንዷ፣ የትሮይ ጦርነት ጀግናው የአኪሌዎስ እናት ናት። በመመሪያው ገጽ 11 ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው አኪሌዎስ የኦቄያኖስ ልጅ ሆኖ ወጥቷል። የአባቱ የጴሌዎስ ስም የትም የለም።

ይህን ለመለየት አዲስ ፊደል መፍጠር አያስፈልግም። ከግሪክ ወደ ግእዝ ስም የማሻገሪያ ልማድ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች ጀምሮ አለ፤ በየቤተ ክርስቲያኑም በየቀኑ ይጠራል። «ጢሞቴዎስ» የሚለውን ስም ብቻ ማየት ይበቃል። ታው የሚባለው የግሪክ ፊደል «ጢ» ሆኗል፣ ቴታ የሚባለው ደግሞ «ቴ» ሆኗል። በዚህ ሚዛን ስሟ በቴታ የሚጀምረው የአኪሌዎስ እናት «ቴጢስ»፣ በታው የሚጀምረው የኦቄያኖስ ሚስት «ጤቲስ» ትባላለች። ሁለቱ ሴቶች ዳግም አይገናኙም። «ፊልጶስ»ም እንዲሁ ፊ እና ፒ የሚባሉትን የግሪክ ፊደሎች «ፊ» እና «ጶ» ብሎ ለይቶ ይዟል። ከልማዱ የሚወጡ ስሞች አልፎ አልፎ አሉ፤ «ክርስቶስ» ላይ ያለው «ቶ» ራሱ ከታው የመጣ ነው። ቢሆንም ለዚህ ሥራ ከእንግሊዝኛ አነባበብ እጅግ የተሻለ መሣሪያ ነው።

ይኸው ልማድ ሌላ ስሕተትም ያወጣል። ካርድ 4 «ክሮኖስ፣ የጊዜ አምላክ» ብሎ አንድ ሽማግሌ በእጁ የአሸዋ ሰዓት ይዞ ያሳያል። የዜውስ አባት ስም ግን የተጻፈው ካፓ በሚባለው የግሪክ ፊደል ነው፤ ጊዜ ማለት የሆነው ቃል ኺ በሚባለው ነው። ካፓን «ማርቆስ»ና «ሉቃስ» በ«ቀ» ያሻገሩት ሲሆን ኺ «ክርስቶስ» ላይ በ«ከ» ነው የመጣው። ስለዚህ አባትየው «ቅሮኖስ»፣ ጊዜው «ክሮኖስ» ነው። ሁለቱን ቃላት ማዛመድ በጥንት ግሪኮችም ዘንድ ነበረ፤ ሆኖም የቅሮኖስ መለያ አባቱን ኡራኖስን የሰለበበት ማጭድ እንጂ የአሸዋ ሰዓት አይደለም።

መመሪያው በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያሉትን ስሞችም ሳያነሣ አልፏቸዋል። በሐዋርያት ሥራ 14 የልስጥራ ሰዎች በርናባስን «ድያ»፣ ጳውሎስን «ሄርሜን» ሲሉ ዜውስንና ሄርሜስን ማለታቸው ነው። የኤፌሶንዋ አርጤምስ በምዕራፍ 19 አለች። በምዕራፍ 17 ያለው አርዮስፋጎስ የጦርነት አምላኩ የአሬስ ኮረብታ ማለት ነው። አንባቢው እነዚህን ስሞች ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ በየካርዱ ግርጌ አንድ መሥመር ቢጨመር ኖሮ ባዕድ የመሰለው ነገር ሁሉ ዘመድ ይሆን ነበር። የአሬስ ካርድ ላይም ሊቀር የማይገባ ነገር ቀርቷል፦ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክኛው በኩል ራሱን የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ሲል፣ በግእዙ በኩል የማሕረም (የአክሱማውያን የጦርነት አምላክ) ልጅ ብሏል።

በጣም የሚያስቆጨው የኒምፌዎቹ ክፍል ነው። አሥራ አራቱም አረንጓዴ ካርዶች በአንድ ርእስ «የውሃ ሰይጣን» ተብለዋል። ኒምፌ የሚለው ቃል በግሪክኛ ሙሽራ ወይም ለጋብቻ የደረሰች ወጣት ማለትም ነው፤ ሰይጣንነት የለበትም። ሁሉም የውሃም አይደሉም። ናያዶች የምንጭና የወንዝ ናቸው፣ ኔሬይዶች የባሕር፣ ኦሬያዶች የተራራ፣ ድርያዶችና ሐማድርያዶች የዛፍ። ከኡራኖስ ደም ጠብታ የተወለዱት ሜሊያዎች ደግሞ የአንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ናቸው። ለዛፎቹ በእኛ ዘንድ የሚቀርባቸው ቃል አድባር ነው፤ ያም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። አድባር ቦታውን ትጠብቃለች፣ ቡና ይፈላላታል፣ ቅቤ ዛፉ ላይ ይቀባል፤ ከዛፉ ጋር አብራ ተወለደች አይባልም። ሐማድርያድ ግን ከዛፏ ጋር ትበቅላለች፣ ቅርፊቱ ሲደርቅና ቅርንጫፉ ሲረግፍ የእሷም ነፍስ ትወጣለች፤ ለፍቅር አምላኳ ለአፍሮዲት የተደረሰው ጥንታዊ መዝሙር እንዲህ ነው የሚላት። ስለዚህ ርእሱን «ኒምፌ» ብሎ፣ ከሥሩ «የምንጭ»፣ «የባሕር»፣ «የተራራ»፣ «የዛፍ» እያሉ መለየት ይሻላል።

እዚያው መመሪያው «ኒምፌዎች አይሞቱም» ይላል። ይሞታሉ፤ ብቻ ዕድሜያቸው ረጅም ነው። የጥንቱ ግሪክ ባለቅኔ የሄሲዮድ ነው የሚባል አንድ ቁራጭ ግጥም ስሌቱን ይሰጣል፦ አንዲት ቁራ 9 የሰው ትውልድ ትኖራለች፣ አጋዘን 4 የቁራ ዕድሜ፣ ትልቁ ቁራ 3 የአጋዘን፣ ፎይኒክስ የሚባለው የተረት ወፍ 9 የትልቁን ቁራ፣ ኒምፌዎች 10 የፎይኒክስ። ሲባዛ 9,720 የሰው ትውልድ ይመጣል። ይህ ቁጥር ለጨዋታ ካርድ የተፈጠረ ያህል የሚስማማ ነበር።

ጨዋታው ራሱ ጥሩ ነው። ከ3 እስከ 5 ሰው ይቀመጣል፣ ለእያንዳንዱ 7 ካርድ ይታደላል፣ ወላጅና ልጅ አያይዞ የሦስት ትውልድ ሐረግ የሠራ ያወርዳል። ሁለት ቦታ ላይ ግን ይቆማል። አንደኛው አፍሮዲት ናት። ካርዷ ሄሲዮድን ተከትሎ ከኡራኖስ በባሕር አረፋ ተወለደች ይላል፤ የግድግዳው ሰንጠረዥ ሌላውን ባለቅኔ ሆሜርን ተከትሎ የዜውስና የዲዮኔ ልጅ ያደርጋታል። ሁለቱም የጥንት ናቸው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጨዋታ ላይ ግን ጠብ ያስነሣሉ። ሄፋይስቶስም እንደዚሁ፤ በሄሲዮድ ሄራ ብቻዋን ነው የወለደችው፣ በሆሜር አባቱ ዜውስ ነው። ካርዶች ሳይታደሉ በፊት «ዛሬ በሄሲዮድ እንጫወታለን» ብሎ መስማማት ክርክሩን ይዘጋዋል። ሁለተኛው ዜውስ ነው፤ ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ እሱ የደረሰው ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል። በአንድ ዙር አንድ ልጅ ብቻ እንዲያያዝለት ማድረግ ጨዋታውን ያስተካክለዋል።

አራቱ የኢትዮጵያ ካርዶች ለብቻቸው መጠቀስ አለባቸው፦ ንጉሥ ቄፌዎስ፣ ሚስቱ ካሲዮጴያ፣ ልጃቸው አንድሮሜዳ፣ እንዲሁም ሜምኖን። ካሲዮጴያ ከኔሬይዶች እበልጣለሁ ብላ መመካቷ፣ ፖሲዶን የባሕር አውሬ መስደዱ፣ ለአውሬው ዐለት ላይ የታሰረችውን አንድሮሜዳን ጀግናው ጴርሴዎስ ማዳኑ በትክክል ተጽፏል። የንጋት አምላክ የኤዎስ ልጅ ሜምኖንም በትሮይ በአኪሌዎስ እጅ መውደቁ አለ። ቄፌዎስን «በአክሱም የነገሠ» ማለት ግን አይቻልም። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር፣ አንዳንዴም በዓለም ዳርቻ ያለ ሕዝብ ማለታቸው ነበር፤ አንድሮሜዳ የታሰረችበትን ዐለት ኢዮጴ የሚያደርጉም አሉ። በሆሜር ግጥም በኢሊያድ መጀመሪያ ዜውስ ከአማልክቱ ሁሉ ጋር ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዶ በ12ኛው ቀን እንደሚመለስ የሚናገረው ቦታ ለሳጥኑ ክዳን ይሆን ነበር፤ መመሪያው ውስጥ የለም።

ከሰንጠረዡ ጀርባ ያለው የሰማይ ሥዕል ካሲዮጴያ (በስሟ የሚጠራው የኮከብ ስብስብ) «ፈጽሞ አትጠልቅም» ይላል። አቴና ላይ እውነት ነው፤ ጎንደር ላይ አይደለም። ጎንደር ወደ ምድር ወገብ ቀረብ ስለምትል የሰሜን ዋልታ ከአድማሱ ከ13 ዲግሪ አይዘልም፤ ስለዚህ ካሲዮጴያ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች። በኅዳር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ለዞረ ሰው የተገለበጠ «ሠ» የሚመስሉት አምስቱ ደማቅ ኮከቦች ከአድማስ እስከ አናት ካለው መንገድ እኩሌታ ላይ ይገኛሉ። አንድሮሜዳ ከእናቷ በላይ፣ ወደ አናት ጠጋ ብላ ናት።

እርማቱን በእስክሪብቶ መሞከር ዋጋ የለውም፤ ላሚኔቱ ቀለም አይይዝም፣ ማርከርም በላብ ይለቃል። ስሞቹን በነጭ ስቲከር ወረቀት ላይ አሳትሞ ከርእሱ ስፋት በ1 ሚሊ ሜትር አሳንሶ መለጠፍ ይሻላል፤ ዳሩ ከወጣ ሲበወዝ ይላጣል። ስቲከሩ መለጠፍ ያለበት ፊቱ ላይ ብቻ ነው። ግዴታ የሚታረሙት 4፣ 9፣ 38 እና አሥራ አራቱ አረንጓዴዎች ናቸው።

በ650 ብር፣ ለሥዕሉና ለጨዋታው ሲባል፣ ይገዛ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለሥነ ጽሑፍ ክበብና ለኮከብ ተመልካች ይሆናል። ሙሉ ታሪኮቹን ለሚፈልግ አይበቃውም፤ በየካርዱ ያለው ጽሑፍ ከአምስት መሥመር አያልፍም፣ ፊደሉም ደቃቃ ስለሆነ ማታ በደካማ መብራት አይነበብም። ከመክፈል በፊት ሳጥኑን አስከፍቶ መቁጠር ያስፈልጋል፤ በአንዳንዱ ሳጥን ካርድ 17 ሁለት ጊዜ ገብቶ 18 ጎድሏል። 18 ሄስቲያ ናት፣ እሷ ከሌለች የቅሮኖስ ልጆች አምስት ይሆናሉ። መደብሩ ደረሰኝ ለያዘ ሰው ያለ ክፍያ ይቀይራል።