አንቀልባ፣ አቡጀዴ ወይስ የፋብሪካ ማዘያ? የጎንደር ገበያ ማዘያዎች ሲመዘኑ

ማዘያ ሲገዛ ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩት ስለ ጥንካሬውና ስለ ዋጋው ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ግን የሚቀድማቸው ጥያቄ አለ። ሕፃኑ ሲርበው፣ ሲሞቀው ወይም ሲደክመው ያዘለው ሰው ልጁ ጮኾ ሳያለቅስ ማወቅ ይችላል? ጎንደር ላይ የሚሸጡትን ሦስት ዓይነት ማዘያዎች፣ የቆዳውን አንቀልባ፣ በሜትር ተቆርጦ የሚገዛውን አቡጀዴና ከውጭ የሚገባውን ባለዘለበት የፋብሪካ ማዘያ፣ የመዘንናቸው በዚህ ጥያቄ ነው።

ልቅሶ የረሃብ የመጨረሻ ምልክት ነው። የራበው አራስ መጀመሪያ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ያወጣል፣ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ጡት ይፈልጋል፣ ጡጫውን ይጠባል። የሚጮኸው ይህ ሁሉ ሰሚ ሲያጣ ነው። ያኔ ደግሞ ጡት ከማጉረስ በፊት ማባበል ግድ ይሆናል፣ ምክንያቱም የሚጮኽ ልጅ ጡቱን በደንብ አይዝም። አራስ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስለሚጠባ፣ ምልክቱን በጊዜው የሚያሳይ ማዘያና የሚሸፍን ማዘያ የቀኑን መልክ ይለያዩታል። ጨዋታና ጫጫታ ሲበዛበትም ቋንቋ አለው፤ ዓይኑን ከሰው ያሸሻል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ያዛጋል፣ ጣቶቹን ይዘረጋል። «በቃኝ» ማለቱ ነው።

«እቅፍ አታስለምጂው» የሚለው የጎረቤት ምክር ብዙ እናቶችን ማዘያውን ሳጥን ውስጥ አስከትቷል። ምክሩ ግን ሲፈተን አይቆምም። ሁንዚከርና ባር የተባሉ ሐኪሞች በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሳያለቅሱም ጭምር በቀን ለተጨማሪ ሰዓታት የታቀፉ ሕፃናት በ6ኛ ሳምንታቸው ላይ እንደ ወትሮው ከተያዙት በ43 በመቶ ያነሰ አልቅሰዋል። ለዕቃ ገዢ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አኒስፌልድና ባልደረቦቿ ኒው ዮርክ ውስጥ የሠሩትና በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። ለአንዳንዶቹ እናቶች ለስላሳ የጨርቅ ማዘያ፣ ለሌሎቹ የፕላስቲክ መቀመጫ ተሰጠ። ልጆቹ 13 ወር ሲሆናቸው፣ ማዘያ ከተሰጣቸው ወገን 83 በመቶዎቹ፣ መቀመጫ ከተሰጣቸው ወገን 38 በመቶዎቹ ከእናታቸው ጋር አስተማማኝ ትስስር እንዳላቸው ታየ። የተሳተፉት እናቶች ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ማኅተም ባንይዘውም፣ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ። አንቀልባ ለታለመለት ዕድሜ እስከ አሁን የሚወዳደረው አላገኘንም። ሰፊው ቆዳ ከልጁ መቀመጫ ሥር አልፎ እስከ ሁለቱ የጉልበት ማጠፊያዎች ስለሚደርስ፣ ልጁ እግሮቹን በእናቱ ወገብ ዙሪያ ከፍቶ፣ ጉልበቱ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ለዳሌ መገጣጠሚያ ጤንነት የሚመከረው አቀማመጥ ይኸው ነው፤ እግርን ቀጥ አድርጎ ግጥም አድርጎ መጠቅለል ግን ተቃራኒው ነው። ክብደቱ ከትከሻ ይልቅ በጀርባና በወገብ ላይ ስለሚከፋፈል በጎንደር ዳገትና ኮብልስቶን ላይ ረጅም መንገድ ያስኬዳል። እጅም ነፃ ያወጣል።

ችግሩ ፊት አለመታየቱ ነው። ስለዚህ አንገቱ ላልጠና ልጅ አይሆንም። ብዙ ሕፃናት አንገታቸውን የሚያጠኑት በ4 ወር ገደማ ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሳ እናት ከአራስ ቤት ትወጣለችና፣ አንቀልባው ያን ቀን ለመውጫ ተብሎ ይገዛል። ልጁ ግን ገና አልደረሰም። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ የአየር መተላለፊያው ይታጠፍና ያለ ድምፅ ሊታፈን ይችላል፤ በጀርባ ላይ ደግሞ ይህን የሚያይ የለም። ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ማዘሉ ግን ይቆይ።

አንገቱ ከጠና በኋላም ጀርባ ላይ ያለ ልጅ የሚነበበው በሌላ መንገድ ነው። መወራጨት፣ ትከሻን በግንባር መግፋት፣ ማጉረምረም፣ ወይም ድንገት ዝም ብሎ መክበድ ትርጉም አላቸው። ትንሽ የኪስ መስታወት ይዞ በትከሻ ላይ አሻግሮ ማየት ቀላል ዘዴ ነው። እየሄዱ ማውራትም ይረዳል፤ ልጁ የእናቱ ድምፅ በጀርባዋ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማዋል፣ በራሱ ድምፅም ይመልሳል።

ሲገዙ የቆዳውን ጥግ በሁለት ጣት አጥፋችሁ ጨምቁ። ነጭ መሥመር ከወጣበት ወይም ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፣ ከወራት በኋላ ይሰነጠቃል። የማንገቻው ስፋት ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ የቀጠነው ትከሻ ይቆርጣል። ማንገቻው ከቆዳው ጋር የተሰፋበት ቦታ ከሁሉ በላይ የሚፈተን ነው። 15 ኪሎ እህል በማዳበሪያ ጭናችሁ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አንገጫግጩት። የአንድ ዓመት ልጅ 9 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ይህ በቂ ትርፍ ይሰጣል። ክሩ ከተሳበ ወይም ቀዳዳው ከሰፋ ተዉት፣ ሻጩ ቢቆጣም። ዛጎል የተሰፋበት አንቀልባ ያምራል፤ ግን እያንዳንዱን ዛጎል ሳቡት። የላላ ካለ ከላይኛው ጠርዝ፣ ማለትም ከልጁ አፍ አጠገብ፣ ያለውን በሙሉ አስፈቱ። ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል።

አቡጀዴው ከሦስቱ በጣም ርካሹ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አራት ወራትም የመጀመሪያ ምርጫችን እሱ ነው። ነጠላ ለዚህ አይበቃም፤ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ርዝመቱም ለፊት ማዘል አይደርስም። የሚያስፈልገው 4.5 ሜትር ርዝመትና 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጥጥ ነው። ፖሊስተር የተቀላቀለበትን አትውሰዱ፤ ይንሸራተታል፣ ላብም አይመጥም። ልብስ ሰፊ ጠርዙን እንዲዘመዝመው አድርጉና መካከሉ ላይ በቀለም ክር ምልክት አሰፉበት። ከመጠቀም በፊት ሁለት ጊዜ ይታጠብ፤ ሙጫው ይለቃል፣ የሚያጥረውም ቀድሞ ያጥራል።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ምልክቱን ደረት ላይ አሳርፉ። ሁለቱን ጫፎች በብብት ሥር ወደ ጀርባ ውሰዱ፣ ጀርባ ላይ አጣሉና እያንዳንዱን በተቃራኒው ትከሻ ላይ ወደ ፊት መልሱ። አሁን ደረት ላይ ኪስ የመሰለ ነገር ተሠርቷል። ልጁን ፊቱ ወደ እናቱ ሆኖ ኪሱ ውስጥ አስገቡ፤ ጨርቁ ከአንዱ የጉልበት ማጠፊያ እስከ ሌላው፣ ከላይ ደግሞ እስከ አንገቱ ሥር ይድረስ። ከዚያ የጨርቁን ጠርዝ በጠርዝ እየሳባችሁ አጥብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጫፉን ብቻ ጎትቶ ስለሚያስር መካከሉ ይላላል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጁ ተንሸራቶ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። በመጨረሻ ጫፎቹን ከልጁ መቀመጫ በታች አጣልታችሁ፣ በእግሮቹ ሥር ወደ ኋላ አሳልፉና ጀርባ ላይ እሰሩ።

ልክ መሆኑ የሚታወቀው አንገት ጎንበስ ብቻ ብሎ የልጁን ጭንቅላት መሳም ሲቻል ነው። በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ፊቱ ምንጊዜም ይታይ። ሲጎነበሱ ጭንቅላቱ ከደረት ከራቀ ላልቷልና ፍቱትና እንደገና እሰሩት። መጀመሪያ ላይ በአሻንጉሊት ወይም ባልተሞላ የእህል ከረጢት፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መለማመድ ይሻላል።

የፋብሪካው ማዘያ ላይ ያለን አስተያየት የተደበላለቀ ነው። በቀበቶው ርዝመት ስለሚስተካከል አባትም አያትም በተራ ሊያዝሉበት ይችላሉ፤ ማሰር ለማይወድ አባት ሰበብ ያሳጣዋል፣ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ብዙዎቹ ርካሽ ዓይነቶች መቀመጫቸው ጠባብ ስለሆነ ልጁ በእግሮቹ መካከል ባለች ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እግሮቹ ወደ ታች ይወዛወዛሉ። ልጁን ይዛችሁ ሂዱና መቀመጫው ከጉልበት ማጠፊያ እስከ ጉልበት ማጠፊያ መድረሱን እዩ። መለያው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ክብደት አንብቡ፤ ብዙዎቹ ከ3.5 ኪሎ ይጀምራሉ፣ በዝቅተኛ ክብደት ለተወለደ ልጅ አይሆኑም። ዘለበቱ ሲቆለፍ ድምፅ መስጠት አለበት፤ ቆልፋችሁ በኃይል ሳቡት። ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ፕላስቲክ ቀለሙ ይገረጣል፣ እንዲህ ያለው ባይገዛ ይሻላል።

ሻጮች አብዝተው የሚያሞግሱት «ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ያያል» የሚለውን ነው። እኛ ይህን እንደ ጉድለት እንቆጥረዋለን። ወደ ውጭ የዞረ ልጅ ሲበዛበት ፊቱን የሚቀብርበት ደረት የለውም፣ ያዘለውም ሰው መልኩን አያይም። ጥምቀት ላይ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በዚያ ሕዝብ፣ ከበሮና እልልታ መሃል ሲኬድ የሚታየው ይህ ነው፤ ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ ድርቅ ሲል «እያየ ነው» ይባላል፣ ማታ ግን ልቅሶው አያባራም። ቢያንስ እስከ 6 ወር ፊቱ ወደ እናቱ ይሁን። ከዚያ በኋላም ወደ ውጭ ማዞሩ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን፣ እንቅልፍ ሲመጣበትም ወዲያው ይመለስ።

በየትኛውም ማዘያ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። ባጃጅ ላይ ከመውጣት በፊት ልጁን ከጀርባ አውርዱና እቅፍ አድርጉ፤ ወደ ኋላ ደገፍ ሲባል በሰውና በመቀመጫው መካከል ይጨፈለቃል። ፊት ለፊት አዝሎ ምጣድ ወይም ጀበና አጠገብ መሆን አይገባም። ጀርባ ላይ ከቃጠሎ ይሸሻል፣ ከጢስ ግን አይድንም፤ እንጀራ እየተጋገረ ልጁ ሌላ ሰው ጋ ይቆይ። ምች እንዳይመታው ወይም ዓይን እንዳይበላው ብሎ ፊቱን በነጠላ መሸፈን የተለመደ ነው። ሙቀቱም የተተነፈሰው አየርም እዚያው ይታመቃሉ፤ ምልክቱም ይሸፈናል። ጃንጥላና ኮፍያ ይህን ሥራ ይሠራሉ። በክረምት ብርድ ደግሞ ማዘያው ራሱ እንደ አንድ ልብስ ስለሚቆጠር ከላዩ ጋቢ ሲደረብ ከውስጥ አንድ ይቀነስ። ሙቀቱን በማጅራቱ ፈትሹ፣ እጅና እግሩ ቀዝቃዛ መሆኑ አያሳስታችሁ።

ቀኑን ሙሉ ማዘልም አያስፈልግም። ነቅቶ ደስ ብሎት ሳለ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላቱን ማንሳት መለማመድ አለበት፤ ማዘያ ይህን አይተካም።

አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል አራስ ቤት ያለ ቤተሰብ አቡጀዴውን ይግዛ፣ ልጁ 5 ወር ገደማ ሲሞላው አንቀልባ ይጨምር። የፋብሪካውን የምንመክረው አባት በእርግጥ የሚያዝልበት ከሆነና መቀመጫው ሰፊ ሲሆን ብቻ ነው።

አንቀልባ ውኃ ውስጥ አይነከርም፣ በኦሞም አይታጠብም። ሽንት ቆዳውን ስለሚያደርቀው ከልጁ ሥር የሚታጠብ የጥጥ ጨርቅ ይነጠፍ፤ የነካውን ቦታ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጥላ ላይ ማስጣት ነው። ፀሐይም እሳት ዳርም ያኮማትሩታል። ሲደርቅ ትንሽ ቅቤ በጨርቅ አሽቶ ማለስለስ ይቻላል፤ ከበዛ ግን ሽታው ይከርማል። ክረምት ላይ አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ መክተት ሻጋታ ያመጣል፤ ነፋስ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ ይሰቀል። ማንገቻው የተሰፋበት ቦታ ከእያንዳንዱ ክረምት በኋላ በ15 ኪሎው እህል እንደገና ይፈተን።