ሼፍ ሚኪ፣ ኦርላንዶ፦ ልጆችና አያት ይዛችሁ ለምትሄዱ

ፍሎሪዳ ዲዝኒ ወርልድ ልሄድ ነው የሚል ሀበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "እነ ሚኪ ማውስ ጠረጴዛ ድረስ የሚመጡበት ምግብ ቤት ገንዘቡ ያዋጣል ወይ" ነው፣ ስለዚህ ስለ ሼፍ ሚኪ የማውቀውን አንዴ በደንብ ልጻፈውና ይለቅ። ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ ካላችሁ ያዋጣል። አያት አብራችሁ ካለች ደግሞ በጣም ያዋጣል። ምግብ ለመብላት ብቻ ከሆነ ግን በዛ ብር ሌላ ቦታ ብትበሉ ይሻላችኋል።

ቦታው ፓርኩ ውስጥ አይደለም፣ ኮንቴምፖራሪ የሚባለው የዲዝኒ ሆቴል ውስጥ ነው፣ እና ይሄ ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም የፓርክ ቲኬት ሳትገዙ ገብታችሁ መብላት ትችላላችሁ፣ ማለትም በደረሳችሁበት ቀን ወይ ለመመለስ በምትነሱበት ቀን ብታደርጉት የአንድ ቀን ቲኬት አይባክንባችሁም። ፓርክ ውስጥ ውላችሁ ከሆነም ማጂክ ኪንግደም ከሚባለው የዲዝኒ ፓርክ በእግር 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሆቴሉ በፈረንጆች 1971 ዲዝኒ ወርልድ ሲከፈት አብሮ የተከፈተ ነው፣ ሞኖሬል የሚሉት ባቡር ሕንጻውን ሰንጥቆ በውስጡ ያልፋል፣ ምግብ ቤቱ ያለበት 4ኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ባቡሩ ከላያችሁ ሲሄድ ታዩታላችሁ፣ ወንዱ ልጄ ሚኪን ከማየቱ በፊት በዚህ ብቻ ጠግቦ ነበር። እዛው አዳራሹ መሃል እስከ ላይ የሚወጣ ትልቅ የሸክላ ሥዕል አለ፣ ሜሪ ብሌር የምትባል ሠዓሊ የሠራችው፣ ቁመቱ 90 ጫማ ነው፣ እና ሥዕሉ ላይ ባለ 5 እግር ፍየል አለች። ተራ ስትጠብቁ ልጆቹን "ባለ 5 እግሯን ፍየል ፈልጉ" ብላችሁ ልቀቋቸው፣ ስልክ ሳትሰጧቸው ጊዜው ያልፋል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ ቡፌ ነው፣ ሒሳቡ በሰው ነው። ቁርስ ለአዋቂ ከ50 ዶላር በላይ፣ እራት ከ60 በላይ፣ ለልጅ ደግሞ ከ30 በላይ ነው፣ ታክስና ቲፕ ሳይጨመር። 3 ዓመት ያልሞላው በነጻ ነው፣ 10 ዓመት የሞላው ግን እንደ አዋቂ ነው የሚከፍለው፣ ስለዚህ ልጃችሁ 10 ሊሞላው ከሆነ ከልደቱ በፊት ሂዱ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 6 ሰውና ከዛ በላይ ከሆናችሁ ቲፑን 18 ፐርሰንት ራሳቸው ይጨምሩታል፣ ሒሳቡን ሳታዩ ደግማችሁ እንዳትሰጡ። እኛ ሀበሾች ደግሞ መቼ ነው አምስት ሆነን የምንሄደው፣ አክስት አለች፣ የአክስት ልጅ አለ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጾም። የአሜሪካ ስፕሪንግ ብሬክ፣ የትምህርት ቤቶች የጸደይ ዕረፍት ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ላይ ነው የሚወድቀው፣ እና ይሄን ሳያስቡ ቁርስ ቡክ አድርገው አዋቂው ሁሉ ባዶ ሳህን ፊቱ አስቀምጦ 50 ምናምን ዶላር ሲከፍል ማየት ያንገበግባል። ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ወይ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ቁርሱን ተዉት፣ እራቱን ያዙ። ቡፌው ላይ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ የቅጠል ምልክት አለበት፣ ዲዝኒ ምግብ ቤቶች ሁሉ የሚጠቀሙበት ነው፣ እሱን እያያችሁ ታነሳላችሁ። ጥርጣሬ ካላችሁ አስተናጋጁን "ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለበትም ወይ" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፣ በአለርጂ ምክንያት ብዙ ሰው ስለሚጠይቃቸው ጥያቄውን ለምደውታል፣ አትፈሩ። ቁርስ ላይ ደግሞ ቤከንና ሶሴጅ ስላለ የአሳማ ይሁን አይሁን ሳትጠይቁ ለልጆች እንዳታነሱ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። የሚኪ ጭንቅላት ቅርጽ ያለው ዋፍል አለ፣ 7 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች እሱን በሲሮፕ ነክረው ሌላ ምንም አይፈልጉም፣ ምግቡ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። ደህና የሆቴል ቡፌ ነው፣ ከዛ በላይ ብዙ ማውራት አያስፈልገውም።

የምትከፍሉት ለሚመጡት እንግዶች ነው። ሚኪ፣ ሚኒ፣ ዶናልድ፣ ጉፊና ፕሉቶ የማብሰያ ልብስ ለብሰው በየጠረጴዛው ይዞራሉ፣ ፓርኩ ውስጥ አንዱን ለማየት ፀሐይ ላይ ረጅም ሰልፍ ትቆማላችሁ፣ እዚህ ተቀምጣችሁ ነው የሚመጡላችሁ። እና እንዲህ ዓይነት ቦታ ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ፣ ሌላ ከተማ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ተመሳሳይ ነገር ያለበት ቤት ገብተን ልብሱ የቆሸሸ ድብ መጥቶ ሁለት ሰከንድ ቆሞ ፎቶ ተነስቶ ሄደና ወዲያው ፎቶውን ሊሸጡልን መጡ፣ ልጄ "እማዬ ድቡ ተናዶብኛል?" ነው ያለችኝ። ልጅ ያውቃል። አንድ ሰው ሊያየው የመጣና ሊገላገለው የመጣ ለልጅ አይደበቅም።

ሼፍ ሚኪ ላይ ግን የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ልጆቼን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፣ እንግሊዝኛ አትችልም፣ እዚህ አገር የትም ቦታ ስንገባ እኔ ካልተረጎምኩላት አንገቷን ደፍታ ነው የምትቀመጠው፣ አስተናጋጅ ፈገግ ብሎ የሆነ ነገር ሲላት ዞራ እኔን ታያለች። እነዚህ ትልቅ ጭንቅላት ያጠለቁት ግን አንድም ቃል አይናገሩም፣ ሁሉ ነገር በእጅ፣ በትከሻ፣ በአንገት ነው። ሚኒ መጣችና ልጆቹን አልፋ ቀጥታ ወደ እናቴ ሄደች፣ የነጠላዋን ጥለት ጫፉን በነጭ ጓንቷ አንስታ ጠጋ ብላ አየችው፣ ከዛ የራሷን ቀሚስ ይዛ አሳየቻትና "ያንቺ ይበልጣል" እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። እናቴ ብድግ አለች። "ውይ የኔ ቆንጆ፣ እደጊ፣ ተባረኪ" እያለች ጉንጭ ለጉንጭ ልትስማት ብትሞክር አፍንጫዋ አላስጠጋ አላት፣ ትከሻዋን ሳመቻት። ከዛ በአማርኛ ወሬ ጀመረች፣ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ሙቀቱን በዚህ ልብስ እንዴት እንደምትችለው፣ ሚኒም አንዱንም ሳታቋርጥ እጇን ይዛ ሰማቻት። ጉፊ ደግሞ ሲመጣ ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳት፣ ማን እንዳስተማረው እንጃ።

እናቴ አሜሪካ ከመጣች ያለ እኔ ከሰው ጋር የተጨዋወተችው እዛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቋንቋ የማያስፈልግበት ቦታ ስለሆነ እሷና የልጅ ልጆቿ እኩል ሆኑ፣ እኔ ነኝ ትርፍ የሆንኩት። ለዚህ ነው አያት ካለች ውሰዷት የምለው፣ "እሷ ምን ይሠራላታል፣ የልጆች ነገር ነው" ብላችሁ ሆቴል እንዳትተዋት።

ትንሿ ልጄ ፕሉቶን ስታይ ጮኸች፣ ይሄ የብዙ ልጅ ነው፣ ሁለት ዓመት ላይ ያለ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ የሚወደው ነገር ከአባቱ በልጦ ሲቆም ይደነግጣል። ፕሉቶ ወዲያው ወደ ኋላ ሄደ፣ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን በእጁ ሸፈነና ቀስ እያለ ሲገልጥ ሲሸፍን፣ እሷም ከጉያዬ ወጥታ አየችው። አልነካችውም፣ እሱም አልተጠጋም፣ በዛው ተለያዩ። እባካችሁ የሚያለቅስ ልጅ ለፎቶ ብላችሁ ክንዱን ይዛችሁ አትግፉት፣ ፎቶው ቢቀር ይቅር።

ቤቱ ጫጫታ ነው፣ መሃል ላይ ሙዚቃ ይነሳና ሰው ሁሉ ናፕኪኑን ከራሱ በላይ እያሽከረከረ ያውለበልባል፣ እናቴ በነጠላዋ ነው ያውለበለበችው። ድምፅ የሚረብሸው ልጅ ካላችሁ ግን ይሄን አስቀድማችሁ እወቁ፣ ጥግ ያለ ጠረጴዛ ጠይቁ።

አንዳንድ ነገር። ቡፌው ጋ ሁላችሁም አንዴ አትነሱ፣ አንድ ሰው ከልጆቹ ጋር ይቅር፣ ሚኪ አጠገባችሁ ያለ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ደግሞ ማንም አይነሳ። ከአምስቱ ያላያችሁት ካለ ለአስተናጋጁ ንገሩት። ፊርማ የሚፈልግ ልጅ ካለ ወፈር ያለ እስክሪብቶ ያዙ፣ በዛ ጓንት ቀጭን አይያዝም።

ልጃችሁ ልዕልቶች ከወደደች እዚህ አይኖሩም፣ ኤፕኮት በሚባለው የዲዝኒ ፓርክ፣ ኖርዌይ በተባለው ክፍሉ ያለው አከርሹስ የሚባል ምግብ ቤት ይሻላታል፣ ልዕልቶቹ ፊታቸው ስለማይሸፈን ያወራሉ፣ ግን የፓርክ ቲኬት ያስፈልጋል፣ እንግሊዝኛም ያስፈልጋል። አኒማል ኪንግደም በሚባለው ሌላው የዲዝኒ ፓርክ ያለው ተስከር ሃውስ ደግሞ ዶናልድና ጓደኞቹ የሳፋሪ ልብስ ለብሰው የሚመጡበት ነው፣ ሰፈሩ የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ቡፌው ላይም የአፍሪካ ቅመም ያለው ምግብ ታገኛላችሁ፣ ቅመም የለመደ አዋቂ ከሼፍ ሚኪ ይልቅ እዛ ይደሰታል።

ቡክ የሚደረገው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ነው፣ ዲዝኒ ሆቴል የምታርፉ ከሆነ ከመግቢያ ቀናችሁ 60 ቀን በፊት የቆይታችሁን ቀናት አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፣ በተከፈተበት ማለዳ ግቡ፣ ለስፕሪንግ ብሬክ ቶሎ ያልቃል። ካርድ ይጠይቃችኋል፣ ሳትሰርዙ ከቀራችሁ በሰው 10 ዶላር ይቆርጣሉ። አለርጂና የልደት ቀን ካለ እዛው ስትይዙ ጻፉት። የእህቴ ልጆች ለሚመጣው ዕረፍት እየመጡ ነው፣ የምይዝላቸው እራቱን ነው፣ ከጨለመ በኋላ ማጂክ ኪንግደም ርችት ካለ ከሆቴሉ ወጣ ብለው ስለሚያዩት።