ኔቨርዊንተር ናይትስ ከ11 ወራት በኋላ፦ ሚና ለመጫወት ብሎ የገዛው ሰው ግምገማ

ይህን ግምገማ የምጽፈው ኔቨርዊንተር ናይትስ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ አራት ኪሎ በሚገኘው ቤቴ ለ11 ወራት፣ በአብዛኛው በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ከተጫወትሁት በኋላ ነው። በእጄ ያለው እ.ኤ.አ. በ2018 ታድሶ የወጣው «ኢንሃንስድ ኤዲሽን» የተባለው እትም ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጨዋታ በባዮዌር ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የሆነውን ጨዋታ ዛሬ መገምገም ለምን አስፈለገ ለሚለኝ አንባቢ መልሴ አጭር ነው። እኔ የገዛሁት ለሥዕሉ ውበት ወይም ለውጊያው ሳይሆን ከሌሎች ሰዎች ጋር ሚና ለመጫወት ነው፤ ለዚህ ዓላማ ደግሞ ከሞከርኋቸው አዳዲስ ጨዋታዎች ሁሉ የሚሻል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሚና መጫወት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዕቃ ዕቃ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በልጅነታችን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት አንዷ «እኔ እናት ነኝ» ስትል ሌሎቻችን ማስረጃ ሳንጠይቅ እንቀበላት ነበር፤ በቆርኪው ውስጥ ያለው አፈር ወጥ ነው ከተባለ ወጥ ነው፤ «ይሄ እኮ አፈር ነው» ብሎ የሚደፋው ልጅ ግን ጨዋታውን ለሁላችንም ያፈርስብን ነበር። በዕቃ ዕቃ የሚያሸንፍ የለም፤ ሆኖም እስኪመሽ ድረስ ማንም ትቶት ወደ ቤቱ አይገባም። በኢንተርኔት የሚና ጨዋታ የሚጫወት ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፦ ያለውን የሚቀበልለት፣ በተቀበለውም ላይ የራሱን የሚጨምርለት ሰው፣ ከዚያም የተባለውንና የተደረገውን የማይረሳ ዓለም።

ሰፊ ሕዝብ የሚጫወታቸው የምናባዊ ዓለም ጨዋታዎች የመጀመሪያውን አልፎ አልፎ ይሰጣሉ፤ የመጨረሻውን ግን አይሰጡም። በነዚህ ጨዋታዎች አንድ መንደር የሚያስጨንቅ አውሬ ብገድል ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አውሬው እዚያው ቦታ ቆሞ ቀጣዩን ተጫዋች ይጠብቃል፤ የመንደሩ ሽማግሌም እኔን «አዳኛችን» ባለበት አንደበቱ ከኋላዬ የተሰለፈውን ሁሉ «አዳኛችን» ይላል። ከነዚህ አንዱ የሆነው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 ሲከፈት ለሚና ተጫዋቾች የተለዩ ሰርቨሮች፣ ማለትም ተጫዋቾች በኢንተርኔት የሚገናኙባቸው ኮምፒውተሮች፣ ነበሩት፤ በእነርሱም ላይ ለገፀ ባሕርይ የሚሰጠው ስም ለዓለሙ የሚስማማ እንዲሆን ጠበቅ ያለ ደንብ ተደንግጎ ነበር። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን ስሙ የተስተካከለ ሰው በማያስታውስ ዓለም ውስጥ ሲኖር የሚቀረው ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራው ወሬ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የብዙ ተጫዋቾች የጽሑፍ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ከጀመሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ሪቻርድ ባርትል፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን ውጤት ፈላጊ፣ ዓለሙን አሳሽ፣ ማኅበራዊና አጥቂ ብሎ በአራት ከፍሏቸው ነበር። ሚና ተጫዋቹን ከማኅበራዊው ጋር መደመር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም ማኅበራዊው ሰው የሚፈልገው ሰዎችን ሲሆን ሚና ተጫዋቹ የሚፈልገው በሰዎች መካከል የሚሆን ነገር ነው።

ኔቨርዊንተር ናይትስ የተመሠረተው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1974 በታተመው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የጠረጴዛ ጨዋታ ሦስተኛ እትም ደንብ ላይ ነው፤ ከጠረጴዛው ያመጣው ትልቁ ነገርም ደንቡ ሳይሆን የጨዋታ መሪው ነው፤ ተጫዋቾች «ዲኤም» ይሉታል። ዲኤም በተለየ መግቢያ ወደ ዓለሙ ገብቶ ሳይታይ ይዘዋወራል፤ በገበያ የቆመችውን ዳቦ ሻጭ አካል ለብሶ በእርሷ አንደበት ይናገራል፤ ጭራቅ ይፈጥራል፣ በር ይቆልፋል። ሁለተኛው ነገር አውሮራ የተባለው መሥሪያ ነው፤ ማንኛውም ገዢ በእርሱ የራሱን ከተማ ሠርቶ፣ ሕግ ደንግጎ፣ በራሱ ሰርቨር ለሌሎች ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ጨዋታውን የገዛ ሰው አንድ ዓለም ሳይሆን ብዙ ዓለማትን ይገዛል፤ እያንዳንዳቸውም በፈቃደኞች የሚተዳደሩ፣ አንዳንዶቹ ለዓመታት የቆዩ ናቸው።

እኔ በምጫወትበት ሰርቨር ምሽት ላይ ከሰላሳ እስከ አርባ ሰው ይገኛል። የመረጥሁት ገፀ ባሕርይ በአንድ የወደብ ከተማ የሚኖር ሽማግሌ ደብዳቤ ጸሐፊ ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች ነው፤ አጎቴ በዚሁ ሥራ ልጆቹን አሳድጓልና ሥራውን በቅርብ አውቀዋለሁ። በዚህ ሰርቨር ብራና ተገዝቶ ይጻፍበታል፤ የተጻፈውም ብራናውን ለያዘ ሁሉ ይነበባል። ገፀ ባሕርዬ ሰይፍ ስለማያነሣ እስካሁን ያደገው አራት ደረጃ ብቻ ነው፤ ይህም አንድም ቀን አላሳሰበኝም።

በሦስተኛው ወር ማንበብ የማይችል አንድ ወታደር ወደ ጠረጴዛዬ መጣ፤ የሚጫወተው ሰው አውሮፓ ውስጥ እንደሚኖር እንጂ ሌላ አላውቅም። ከወንድሙ ጋር በርስት ተጣልተው ሰባት ዓመት እንዳልተነጋገሩ ነገረኝና ርስቱን የሚጠይቅ ደረቅ ደብዳቤ አስጻፈኝ። ገፀ ባሕርዬ ሽማግሌ ነውና አላስቻለውም፤ ወታደሩ ያላለውን አንድ የይቅርታ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ጨመረበት። ይህን ያደረግሁት ማንም ያስተውለዋል ብዬ ሳይሆን ሰውየው እንዲህ ያደርግ ነበር ብዬ ስላሰብሁ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ዲኤሙ ወንድምየውን ሆኖ በመርከብ ደረሰ፤ ብራናውን በእጁ ይዞ ወታደሩን በአደባባይ እያቀፈ «ይቅርታህን ተቀብያለሁ» አለው። ወታደሩ ያልጠየቀው ይቅርታ ተነበበበት፤ ተቆጣም፤ ወደ ከተማው ዳኛም ከሰሰኝ። ዳኛዋ ሌላ ተጫዋች ነበረች፤ ሁለት ምሽት ሙሉ ምስክር ሰምታ ለአራት ሳምንት እንዳልጽፍ ፈረደችብኝ። እነዚያን አራት ሳምንታት ገፀ ባሕርዬ የመርከብ ማራገፊያውን ሲጠርግ አሳለፈ፤ መንገድ ላይ የሚያገኙት ሁሉ ነገሩን ያውቁ ነበር፤ ገሚሱ ያዝንለታል፣ ገሚሱ ፊቱን ያዞርበታል። የኮምፒውተር ጨዋታ በተጫወትሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ወር ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። ፈቃዱ ከተመለሰለት በኋላ ቀድሞ የመጣው ደንበኛ ያው ወታደር ነው፤ አሁን ግን ደብዳቤው ሲያልቅ ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያደርጋል።

አንድ ተጫዋች ለምን መቀጣት ይፈልጋል? ቅጣቱ ቃሌ እንደተሰማ ያረጋግጥልኛል፤ ዘንዶ ገድሎ የሚገኝ ወርቅ ይህን አያረጋግጥልኝም። ለሚና ተጫዋች የሚስማማው ዓለም ሰውን የሚሸልም ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራው የሚጠይቀውም ነው።

የጊዜ አቆጣጠሩ ትንሽ ነገር ቢመስልም ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። ጨዋታው ሲሠራ የዓለሙ አንድ ሰዓት በእኛ ሁለት ደቂቃ እንዲሆን ተደርጓል፤ ስለዚህ ሌሊትና ቀን ተደምረው 48 ደቂቃ ብቻ ይሆናሉ። ለሚዋጋ ሰው ይህ ይበቃዋል፤ ለሚነጋገር ሰው ግን ራት ላይ የተጀመረ ወግ ሳያልቅ ነግቶ፣ ውሎ፣ እንደገና ይመሻል። የኛ ሰርቨር ባለቤቶች የዓለሙን አንድ ሰዓት ወደ አሥር ደቂቃ ስለቀየሩት አንድ ቀን አራት ሰዓት ይፈጃል፤ የሦስት ሰዓት ጨዋታችንም በአንድ ቀን ውስጥ ያልቃል። ሰርቨር የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢጠይቅ መልካም ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ግን ልብን ያሳዝናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባ ቢሆንም ይህ ጨዋታ የተሠራው ጥቂት ፊደላትን ብቻ በሚይዘው በቀድሞው ሥርዓት ስለሆነ በመነጋገሪያው ሳጥን በፊደላችን መጻፍ አይቻልም። በሰርቨሩ ላይ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ድርጊትን ደግሞ በሁለት የኮከብ ምልክቶች መካከል እናስገባለን። የኔ ሽማግሌ በአማርኛ ቢናገር ወታደሩን «አንተ»፣ ዳኛዋን «እርስዎ» ይል ነበር፤ ዳኛዋም በቁጣ ጊዜ «አንተ ሰውዬ» ብትለው ከፍርዱ ይልቅ ይህ ቃል ያሳፍረው ነበር። በእንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ስላለ ይህን ክብርና ውርደት በሌላ መንገድ፣ በረጅም ሰላምታና በመነሣት በመቀመጥ፣ ማሳየት ግድ ሆነብኝ። የውጭ አገር ተጫዋቾች የሽማግሌውን ረጅም ሰላምታ ወደዱት፤ ዛሬ ጠረጴዛው ጋ የሚመጣ ሁሉ ስለ ቤተሰቡና ስለ ጤናው ሳይጠይቅ ጉዳዩን አይጀምርም።

ይህ ጉድለት ነው ወደ አውሮራ የመራኝ። ካዛንቺስ የሚኖረው ጓደኛዬና እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ላፕቶፕ አገናኝተን በራሳችን ትንሽ ዓለም እንጫወታለን፤ የሚያስፈልገን አንድ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም አያቋርጠንም። በሳጥኑ ውስጥ አንጽፍም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን በአማርኛ እንነጋገራለን። እናቱ ቡና እያቀረቡ «ልጆቼ፣ ተጫወቱ እንጂ፤ ምነው ዝም አላችሁ?» ሲሉን በመካከላችን ያለው ኮምፒውተር ሳይሆን ወሬያችን መሆኑ ትዝ ይለኛል። በቋንቋችን «ጨዋታ» ወግም መዝናኛም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ግን ትርጉሙን በሙሉ የተረዳሁት በእነዚያ ቅዳሜዎች ነው። ጓደኛዬ ነጋዴ ሲሆን እኔ ቀረጥ ተቀባይ ሆኜ «ጌታዬ፣ እርስዎ ባለፈው ሳምንትም ጨው ነው ብለው ነበር ያሳለፉት» ስለው የሚመጣው ሣቅና ክርክር በእንግሊዝኛው ሰርቨር ላይ አግኝቼው አላውቅም።

ከተማውን የሠራሁት ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ አራት ኪሎ ያለውን መንገድ በማሰብ ነው። አውሮራ መሬትን በ10 በ10 ሜትር ንጣፍ ይከፍለዋል፤ አንድ ስፍራ ከ32 በ32 ንጣፍ፣ ማለትም ከ320 ሜትር፣ አይበልጥም። መንገዱ ከዚህ በእጅጉ ስለሚረዝም ስፍራዎችን በበር እያያያዝሁ መቀጠል ነበረብኝ። ከዚህ የበለጠ ያስቸገረኝ ተዳፋቱ ነው፤ ከተማ ለመሥራት የቀረቡት ንጣፎች ሜዳማ ስለሆኑ የአዲስ አበባን ዳገት ለማሳየት ከደረጃ በቀር ዘዴ አላገኘሁም። አንድ ቅዳሜ ለመጫወት የሦስት ሳምንት ምሽት የፈጀ ሥራ ነው፤ ሆኖም ለመማር አይከብድም፤ ኮድ የመጻፍ ልምድ የሌለው ሰው ከተማውን ሠርቶ የሚናገሩ ሰዎች ሊያቆምበት ይችላል።

ስለ ዋጋውና ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። መደበኛ ዋጋው 19.99 ዶላር ሆኖ አንዴ ብቻ ይከፈላል፤ ወርኃዊ ክፍያ የለበትም። በዶላር መክፈል ለእኛ ቀላል ስላልሆነ እኅቴ ከውጭ አገር በስጦታ መልክ ላከችልኝ። የተለየ የግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋልና የስልኬን ዳታ አገናኝቼ በባትሪ እቀጥላለሁ፤ የሚተላለፈው በአብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ አይጨርስም። ብዙ የሚበላው ወደ አንድ ሰርቨር መጀመሪያ ሲገቡ የሚወርደው ተጨማሪ ፋይል ነው፤ ይህን ደጋግሞ ሰርቨር የሚቀያይር ሰው ቢያስብበት ይሻላል።

የሰዓቱ ልዩነት ከዚህ የበለጠ ያስቸግራል። ሰርቨራችን የሚሰበሰበው ሐሙስ በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር ማታ በ21:00 ነው፤ በእነርሱ በጋ ይህ ለእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 5 ሰዓት ይሆናል፤ እኛ ሰዓታችንን ስለማንቀይር ክረምታቸውን በሙሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው የምተኛው። ዓርብ ሥራ ላለው ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ከሰዎች የሚመጣው ችግር ግን ሊታለፍ የማይገባው ነው። ዓለሙን የሚያስታውሰው ዲኤሙ እስከሆነ ድረስ የዓለሙ ፍትሕም በዲኤሙ ጠባይ ይወሰናል። መጀመሪያ የገባሁበት ሰርቨር ላይ፣ ስሙን አልጠቅስም፣ አንድ የጨዋታ መሪ የሚወዳቸው ሦስት ተጫዋቾች ብቻ ታሪክ ነበራቸው፤ ሌሎቻችን ቆመን የምናይ ነበርን። ሁለት ወር ታገሥሁ፤ ስጠይቅም «ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ስትደርስ» ተባልሁ፤ ትቼው ወጣሁ። አሁን ባለሁበት ሰርቨር ሦስት ዲኤሞች እየተፈራረቁ ይሠራሉ፤ የገፀ ባሕርይ ሞት የመጨረሻ እንዲሆን የሚደረገውም ባለቤቱ አስቀድሞ ከፈቀደ ብቻ ነው። አንዱ ዲኤም ያጎደለውን ሌላው ስለሚያየው ልዩነቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቃል።

ስለዚህ ይህን ጨዋታ ለሚና ብሎ ለሚገዛ ሰው የምለው ይህ ነው። ዋና ገፀ ባሕርይውን ከመሥራቱ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ተራ ሰው ሆኖ ገብቶ ገበያውና መጠጥ ቤቱ አካባቢ ይቀመጥ፤ ስንት ዲኤም እንዳለ፣ አንድ ቀን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ሞት እንዴት እንደሚፈረድ ይጠይቅ። ከዚያ ለሌሎች ጉዳይ የሚሆን ሥራ ያለው ሰው ይሁን፤ አዋላጅ፣ አስታራቂ፣ ደላላ፣ ሐኪም፣ ጸሐፊ። ሰይፍ የያዘ ሰው ሞልቷል፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ግን በከተማችን እስካሁን እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁለተኛ ቢመጣ ጠረጴዛው ለሁለት ይበቃል።