ቬርሳይ ቤተ መንግሥት፦ ከወርቁ ይልቅ በሩን ማየት

በፈረንሳይ፣ ፓሪስ አጠገብ ያለው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ጉብኝት የሚያሳየው ብዙ፣ የሚያስረዳው ጥቂት ነው። ፍጹም ዘውዳዊ አገዛዝ፣ ማለትም ሥልጣን ሁሉ በንጉሡ እጅ ነው የሚባልበት ሥርዓት፣ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለማየት የሚሄድ ሰው መንገዱን አስቀድሞ ካልመረጠ ጣሪያ ሲያይ ውሎ ይወጣል።

ሰኞ ዝግ ነው። ማክሰኞ ደግሞ ፓሪስ ያለው የሉቭር ሙዚየም ስለሚዘጋ ሕዝቡ ወደዚህ ይጎርፋል። ከፓሪስ በአር ኢ አር ሲ (RER C) የባቡር መስመር መጥቶ ቬርሳይ ሻቶ ሪቭ ጎሽ የሚባለው ጣቢያ መውረድ ነው፤ ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ቬርሳይ ሻንቲዬ ሌላ ጣቢያ ነው፣ ይርቃል። ቲኬቱ የመግቢያ ሰዓት አለው። 9:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የሚሻለውም እሱ ነው። ትሪያኖኖቹ፣ ማለትም በግቢው ውስጥ ያሉት ትናንሽ ቤተ መንግሥቶች፣ ከቀትር በፊት ስለማይከፈቱ ለከሰዓት ይቆዩ።

የመስታወት አዳራሹ 73 ሜትር ርዝመትና 357 መስታወት አለው፤ ሰዉ ሁሉ ለፎቶ የሚጋፋው እዚያ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ግን ከጀርባው፣ «የበሬ ዓይን» በሚባለው ክፍልና በንጉሡ መኝታ ቤት መካከል ባለው በር ላይ ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1682 እ.ኤ.አ. መቀመጫውን ወደዚህ ካዛወረ በኋላ ታላላቆቹ መኳንንት ደጅ ጠኚ ሆኑ። ጠዋት ንጉሡ ሲነሣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ሸሚዙን ማን እንደሚያቀብል በማዕረግ ተለክቶ ነበር። ሹመትና የንጉሥ ድጎማ የሚፈልግ ሰው እዚህ መታየት ነበረበት፤ ከዓይን የራቀ ተረሳ። ስለዚህ እዚህ በር ላይ አሥር ደቂቃ ቢቆሙ አይቆጭም።

«ክፍሎቹ ባዶ ናቸው» የሚል ቅሬታ ይሰማል። እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው፦ የብሩን ዕቃ ራሱ ሉዊ 14ኛ በ1689 ለጦርነት ወጪ አቅልጦታል፤ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ደግሞ የቀረው ዕቃ በጨረታ ተሸጠ።

ጉብኝቱ የሚጎድለው የሥልጣኑን ድንበር ማሳየት ነው። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ወንበራቸውን በገንዘብ የገዙ ስለነበሩ፣ ፍጹም ነው የሚባለው ንጉሥ ገንዘባቸውን ሳይመልስ ሊሽራቸው አይችልም ነበር። ድንበሩን በዓይን ለማየት አትክልት ቦታው ይሻላል። ማርሊ በሚባለው ቦታ 14 ግዙፍ መንኮራኩሮችና ከ200 በላይ ፓምፖች ውሃ ከሴን ወንዝ ወደ ላይ ቢገፉም ለፋውንቴኖቹ አልበቃም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ንጉሡ ሲቃረብ በፉጨት እየተጠራሩ ከፊቱ ያለውን ይከፍቱ፣ ሲያልፍ ይዘጉ ነበር። ዛሬም የሚለቀቁት በተወሰኑ ቀናት ነው፤ ቀኑን አይቶ መሄድ ያሻል።

ሲወጡ ከተማው ውስጥ ያለውን የዦ ደ ፖም አዳራሽ (የድሮ የቴኒስ ዓይነት ጨዋታ መጫወቻ) እንዳይዘሉት፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ከ1614 ወዲህ ያልተጠራው የመላ አገር ጉባኤ በ1789 ሲሰበሰብ፣ ጁን 20 ቀን አዳራሻቸው ተዘግቶ ያገኙት የሕዝብ ተወካዮች ሕገ መንግሥት ሳይጸና ላይበተኑ የማሉት እዚያ ነው።