ዩግሊሽ፦ ጆሮን ያሰለጥናል፣ አፍን አያርምም

የአሜሪካ እንግሊዝኛ አነጋገር ለመያዝ መዝገበ ቃላት ላይ የድምፅ ምልክቷን ተጭኖ ቃሉን ነጥሎ መስማት ብዙም አያራምድም። ቃል በወሬ መሃል ሲገባ ይለወጣል። ዩግሊሽ የሚባለው ድረ ገጽ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ቃል ወይም ሐረግ ሲጽፉለት ዩቲዩብ ላይ ሰዎች ያንን የተናገሩባቸውን ቪዲዮዎች ልክ ከቦታው ከፍቶ ያሰማል። መጀመሪያ የአሜሪካውን አነጋገር ይምረጡ፤ አለዚያ የለንደኑም የሲድኒውም ተደበላልቆ ይመጣል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ትልቁ ትርፍ ት እና ር ላይ ነው። «ዋተር» የሚለውን ቃል ይፈልጉና ያዳምጡ፤ መሃሉ ላይ ያለው ት «ዶሮ» ስንል ምላሳችን ድዱን አንዴ ነካ አድርጎ የሚመለስበት የእኛው ር ነው። የእነሱ ር ደግሞ ምላስን የትም አያስነካም። ስለዚህ የእኛን ር እነሱ በሁለት አናባቢ መሃል ት በሚጽፉበት ቦታ እናወጣለን፣ ር በሚጽፉበት ቦታ እንተወዋለን። ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፤ ከት በኋላ ያለው አናባቢ ከበድ ብሎ የሚነገር ከሆነ ት እንዳለ ይቆያል። «አቶም» እና «አቶሚክ» የሚሉትን አከታትለው ቢሰሙ ልዩነቱ ወዲያው ይገባል።

ሁለተኛው «ካን» ነው። «መሄድ እችላለሁ» ሲሉ አሜሪካውያን «ክን» ብለው ይውጡታል፤ ክብደቱን «ጎ» ይወስደዋል። «አልችልም» («ካንት») ሲሉ አናባቢው ሙሉ ሆኖ ይወጣል፣ መጨረሻው ት ግን እምብዛም አይሰማም። እኛ ሁሉንም እኩል እየጫንን «አይ ካን ጎ» ስንል «አልችልም» ተብሎ ሊሰማብን ይችላል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚዘጋጅ ሰው ከማንኛውም ድምፅ በፊት ይህ ይቅደም።

አጠቃቀሙ፦ የንግግሩን ጽሑፍ ሳያዩ ዐሥር ያህል ቅንጭብ ይስሙ፣ ከቃሉ የትኛው ክፍል እንደሚከብድ ይለዩ፣ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርገው አብረው ይበሉ፣ ከዚያ በስልክዎ ድምፅ መቅጃ ራስዎን ቀድተው ያነጻጽሩ። ከ0.75 በታች አይውረዱ፤ ድምፁ ይጎተትና የንግግሩ ምት ይጠፋል።

ጉድለቱ፣ አሜሪካ ብለው መርጠውም ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ የሚናገርበት ቪዲዮ ሊገባ ይችላል። በአንድ ሰው አይመኑ። የትምህርት ቅደም ተከተል የለውም፣ የእርስዎንም ንግግር አይሰማም። ስህተቴ ይነገረኝ የሚል ሰው እንደ ኤልሳ ስፒክ ያለ መተግበሪያ ይጨምር፤ እሱ የተናገሩትን ሰምቶ ያልተስተካከለውን ድምፅ በቀለም ይለያል፣ ሙሉው ግን በክፍያ ነው። ፊደል ገና ለሚቆጥር ጀማሪ ዩግሊሽ አይሆንም።

በሞባይል ዳታ ከሆነ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ ማድረግ ነው፤ ድምፁ ለልምምድ ይበቃል። «ቲንክ»ን በመሳሰሉ ቃላት ግን ምላስ በጥርስ መሃል ብቅ ሲል ማየት ስለሚያስፈልግ፣ ለዚያች ጊዜ ዳታ አይሰስቱ።