በሐዋሳ አንድ ክሊኒክ ያገኘነው የወጣቶች ምርመራ

ክብደቱ የጨመረውንና ሆዱን ደጋግሞ የሚያመውን የ16 ዓመት ልጄን፣ ሐይቁ ውስጥ ስለሚዋኝ ብልሃርዝያ (በውሃ የሚተላለፍ የትል በሽታ) ሠግቼ፣ ሐዋሳ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ «ወፍራም ልጅ ትል አይኖርበትም» የሚለው ግምት ስሕተት መሆኑን አስረድተው፣ ከሰገራ ምርመራው ጋር የወገቡን ዙሪያና በባዶ ሆድ የደም ስኳሩን አስለኩ። ብልሃርዝያው ተገኝቶ ፕራዚኳንቴል የተባለው የብልሃርዝያ መድኃኒት በክብደቱ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ሒሳብ ታዘዘለት።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኩት ማብራሪያቸውን ነው፦ የአንጀት ትሎች የሰውነትን ብግነት (መቆጣት) በማርገብ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቀንሰው ሆርሞን) በተሻለ እንዲሠራ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት በተደረገ ጥናት ትል የነበረባቸው ሰዎች አልቤንዳዞል በተባለው የትል መድኃኒት ከታከሙ በኋላ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ በመጠኑ ቀንሷል፤ ይህም ሕክምናውን የሚያስቀር ሳይሆን አመጋገብንና እንቅስቃሴን አብሮ መከታተልን የሚጠይቅ ነው። ቅር ያለኝ የሰገራ ናሙናው አንድ ጊዜ ብቻ መወሰዱ ነው፤ ቀላል ልክፍት በአንድ ናሙና ሊያመልጥ ይችላልና።