ለአራስ ጥየቃ፦ ገንፎ ወይስ አጥሚት?

አራስ ቤት ሁለቱም አይጠፉም። አንዱን ብቻ ሠርታችሁ መሄድ ካለባችሁ ግን የቱ ይሻላል?

ክንዳችሁ ማማሰል ካልሰነፈ ገንፎ። ልኩን ከእናቶቻችን የተማርነው በዓይን ስለሆነ ኩባያ አትጠይቁኝ። ውሃውን በጨው አፍሉና ጥቂት ቀንሳችሁ አስቀምጡ። የገብስ ዱቄቱን ጨምራችሁ በማማሰያ አገንፉ። ሲጠጥር የቀነሳችሁትን ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እንደገና እሹት። እዚህ ጋ መቸኮል አያዋጣም። ላዩ የበሰለ መስሎ ውስጡ ዱቄት ዱቄት የሚል ገንፎ ማንም አይወድም። እሳቱን ቀንሱ፣ ድስቱን የሚይዝላችሁ ሰው ጥሩ። ከዚያ ቅቤ በተቀባ ሳህን አድቦልቡሉት፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጉና ንጥር ቅቤ በበርበሬ ሙሉበት። እርጎ ዙሪያውን የሚያፈሱም አሉ። እኔ እርጎውን ለብቻው ነው የምፈልገው።

አጥሚት ይቀላል። የአጃ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ እያማሰሉ ማፍላት ነው። ዱቄቱን በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ከበተናችሁት ይጓጉላል። ወተት፣ ማርና ትንሽ ቅቤ ሲገባበት አለቀ። ትልቁ ጥቅሙ በፔርሙስ ሆስፒታል ድረስ መሄዱ ነው፤ ገንፎ እስኪደርስ ይደርቃል። ምግብ አልወርድ ላላትም እናት ፉት ማለት ይቀላታል።

ስለዚህ ሆስፒታል ካለች አጥሚት፣ ቤት ከገባች ገንፎ። ጠያቂ ከበዛም ገንፎ፤ አንድ ሳህን ብዙ ሰው ይከበዋል። ገብስ ካጣችሁ የስንዴ ዱቄትም ይሆናል፣ የገብሱን ጣዕም ግን አትጠብቁ።